ግሱ ከመስመሩ ጫፍ ሲወድቅ፦ የምዕራብ ጎጃም የመሬት መዝገብና የዳታቤዝ ረጅም ጽሑፎች

«ማሳው የወንድሙ አይደለም።»

ይህችን አጭር ዓረፍተ ነገር አንድ ጊዜ አንብቧት። አሁን ደግሞ የመጨረሻዋን ቃል በጣታችሁ ሸፍኗት። ምን ቀረ? «ማሳው የወንድሙ»። የወደቀችው አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ መሬቱ ግን ባለይዞታውን ቀየረ። የቀረው ጽሑፍ ደግሞ ጭራሽ የተቆረጠ አይመስልም። ሙሉ ሐሳብ ይመስላል።

በአማርኛ ግስ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «ተስማምተዋል» ወይስ «አልተስማሙም»፣ «ይተላለፋል» ወይስ «አይተላለፍም» የሚለውን የምናውቀው ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ነው። በእንግሊዝኛ አፍራሹ ቃል ብዙውን ጊዜ መሀል ላይ ስለሚገባ፣ ጫፉ ቢቆረጥ እንኳ «አይደለም» የሚለው ሐሳብ የመትረፍ ዕድል አለው። እኛ ጋ ግን መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው።

ታዲያ የዓረፍተ ነገርን ጫፍ የሚቆርጠው ማነው? ብዙ ሊሆን ይችላል፤ እርጥበት፣ አይጥ፣ የተቀደደ ገጽ። በዘመናችን ግን አንድ ሌላ ቆራጭ አለ፤ ድምፅም አያሰማም። መረጃ ከአንድ ዳታቤዝ ወደ ሌላ ሲዛወር፣ ረጅም ጽሑፍ የሚቀመጥበት ዓምድ በአዲሱ ቤት ከጠበበ ጫፉ ሊቀር ይችላል። ይህ ጽሑፍ ስለዚህ ጉዳይ ነው። ታሪኩን ለመረዳት ግን ከኮምፒዩተር በፊት፣ ወደ ምዕራብ ጎጃም ገጠር ጎራ ማለት አለብን።

በቃል የነበረው ረጅም መዝገብ

ከፍኖተ ሰላም ብዙ ሳይርቅ፣ በደጋው በኩል፣ ደጋ ዳሞት የሚባል ወረዳ አለ። አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ አለን ሆበን በ1950ዎቹ ዓ.ም. እዚያ ተቀምጦ የአማራን የመሬት ሥሪት አጥንቷል፤ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ ታትሟል። ሆበን የመዘገበው ሥርዓት ርስት ነው።

ርስት እንዴት ይሠራ ነበር? አንድ ሰው መሬት ለመጠየቅ፣ መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ከአቅኚው አባት መወለዱን ማሳየት ነበረበት። መወለዱ በአባት በኩልም ሆነ በእናት በኩል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጠያቂው «እኔ የእገሌ ልጅ፣ እገሌ የእገሊት ልጅ፣ እገሊት የእገሌ ልጅ…» እያለ ሐረጉን እስከ ላይኛው አባት ይቆጥራል። ሽማግሌዎች ይሰማሉ፤ ተከራካሪው ደግሞ መሀል ላይ አንድ ስም ይነቅፋል። አንዲት አያት ከሐረጉ ከተዘለለች ክሱ ይወድቃል።

ልብ በሉ፤ ይህ ራሱ ረጅም ጽሑፍ ነው፤ ልዩነቱ በወረቀት ፋንታ በሰው ጭንቅላት ውስጥ መቀመጡ ነው። ርዝመቱ ገደብ አልነበረውም። አንዱ ስምንት ትውልድ ይቆጥራል፣ ሌላው ከዚያ በላይ። ማንም «ከዚህ በላይ ቦታ የለንም» አላለውም። ችግሩ ሌላ ነበር። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን አባባል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሐረግ ቆጣሪው ሽማግሌ ሲሞት መዝገቡም አብሮ ይቀበራል።

በጎጃም የመሬት ጉዳይ በጽሑፍ ጭራሽ አይቀመጥም ነበር ማለት ግን አይደለም። በየገዳማቱና በየአድባራቱ ባሉ የብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ የጉልት ስጦታ፣ የመሬት ሽያጭና የውርስ ስምምነት ይጻፍ ነበር። እንደ ዶናልድ ክረሚ ያሉ የታሪክ ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን የመሬት ታሪክ የጻፉት እነዚህን ማስታወሻዎች ጭምር ሰብስበው ነው። እዚያም ቢሆን ቦታ ውስን ነው፤ ኅዳጉ ባለቀበት ጽሑፉ ያልቃል። ልዩነቱ፣ ጸሐፊው ቦታው እያለቀ መሆኑን በዓይኑ ያያል፤ ፊደሉን ያጠባል ወይም ወደ ሌላ ገጽ ይሻገራል።

ከገመድ ወደ ደብተር

በ1960 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር የሚባል አዲስ ግብር ይዞ መጣ። ግብሩን ለመተመን መሬቱና ምርቱ መገመት ነበረበት። የጎጃም ገበሬ አልተቀበለውም። ሞጣ፣ ቢቸናና ደጋ ዳሞት የተቃውሞው ዋና ዋና ቦታዎች ነበሩ። ነገሩ ወደ ትጥቅ አመፅ ተለወጠ፤ መንግሥትም በመጨረሻ ወደኋላ ለማለት ተገደደ።

ገበሬው ከግብሩ ባልተናነሰ የፈራው መለካቱን ነው። «ዛሬ የለኩት፣ ነገ ይወስዱታል» የሚል ስጋት ነበር። መለኪያውን የያዘው ሰው ምን እንደሚጽፍ አያዩትም፤ የተጻፈውንም ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም ነበር። ይህንን ስጋት ያዙልኝ፤ ወደ ኮምፒዩተሩ ስንደርስ ያስፈልገናል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ታወጀ፤ ርስትም አከተመ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል መሬት እንደገና ተደለደለ፤ ጎጃም ውስጥ ይህ ድልድል እስከ ዛሬ በየቤቱ ይወራል። ከዚያ በ1992 ዓ.ም. ክልሉ የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 46ን አወጣ፤ በ1998 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 133 ተተካ፤ እሱም በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 252 ተተካ።

በእነዚህ ሕጎች መሠረት የተካሄደው ምዝገባ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተርን አመጣ። ብዙ ሰው «አረንጓዴ ደብተር» ይለዋል። ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት በሁለቱም ስም ተመዝግቦ የሁለቱም ፎቶ ይለጠፍበታል። ከቀበሌው ሕዝብ የተመረጡ የመሬት ኮሚቴዎች ከገበሬው ጋር ማሳ ለማሳ እየዞሩ መዘገቡ።

በመጀመሪያው ምዝገባ የማሳ ካርታ አልነበረም። ታዲያ ማሳው የት እንዳለ በምን ይታወቅ? በቃላት! አዋሳኞቹ ይጻፋሉ፤ በምሥራቅ የእገሌ ማሳ፣ በምዕራብ ወንዝ፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ የወል ግጦሽ። ከዚያ ላይ ማስታወሻ ይጨመራል። ማሳው በኪራይ ተሰጥቷል? እስከ መቼ? በስጦታ ተላልፏል? ክርክር አለበት? የ1998ቱ አዋጅ የኪራይ ውል እስከ 25 ዓመት ሊዘልቅ እንደሚችል ፈቅዷል። አስቡት፤ ዛሬ የተጻፈን ማስታወሻ ከ25 ዓመት በኋላ የሚያነብ ሰው ይኖራል። ጻፊው ጡረታ ወጥቷል፣ ተዋዋዮቹም ላይኖሩ ይችላሉ። የሚቀረው ጽሑፉ ብቻ ነው።

ከደብተሩ ቀጥሎ ኮምፒዩተር መጣ። የአማራ ክልል ለመሬት አስተዳደር «ኢስላ» የሚባል የመረጃ ሥርዓት ተጠቅሟል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በብሪታንያ መንግሥት ድጋፍ የተካሄደው የሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ ማሳዎችን በካርታ አስቀመጠ። በኋላም በአገር አቀፍ ደረጃ ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር መረጃ ሥርዓት ተዘረጋ። ደብተር፣ የክልል ሥርዓት፣ የአገር ሥርዓት፤ አንድ ማሳ በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ ስንት ቤት ሊቀይር እንደሚችል አያችሁ? ካርታ ሲመጣ የማሳው ቅርጽ ወደ ቁጥር ተለውጧል። ውሉ፣ ስጦታውና የክርክሩ ውሳኔ ግን አሁንም ቃላት ናቸው።

ከዚህ በታች የምናያቸው የቴክኒክ ችግሮች ዳታቤዝ በሚቀይር በማንኛውም መሥሪያ ቤት የሚያጋጥሙ ናቸው። የምንጠቀምባቸው ምሳሌዎችም ለማስረዳት የተፈጠሩ እንጂ ከየትኛውም ወረዳ መዝገብ የተወሰዱ አይደሉም።

ዓምዱን ማን አጠበበው?

እ.ኤ.አ. በ1970 የአይቢኤም ባልደረባ የነበረው ኤድጋር ኮድ አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል፤ መረጃን በሠንጠረዥ እናስቀምጥ፣ በመስመርና በዓምድ፤ ሠንጠረዦቹንም በጋራ በሚይዙት ዋጋ እናገናኛቸው። «ተዛማጅ ዳታቤዝ» የምንለው ከዚህ ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1979 ኦራክል ለገበያ ቀረበ፤ በ1986 ደግሞ ኤስኪውኤል የተባለው የመጠየቂያ ቋንቋ የአሜሪካ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ።

በሠንጠረዥ ውስጥ እያንዳንዱ ዓምድ ምን እንደሚይዝ አስቀድሞ ይነገራል። ይህ ቁጥር ነው፣ ያ ቀን ነው፣ ይህኛው እስከ 100 ፊደል የሚይዝ ጽሑፍ ነው። ለምን ገደብ አስፈለገ? ዳታቤዙ መረጃውን ዲስክ ላይ የሚያስቀምጠው «ገጽ» በሚባሉ እኩል ክፍሎች ከፋፍሎ ነው። በኤስኪውኤል ሰርቨርና በፖስትግሬስኪውኤል አንድ ገጽ 8 ኪሎባይት ነው። አንድ መስመር በመደበኛው አንድ ገጽ ውስጥ መግባት አለበት። አጭር ስምና ቀን ሲሆን ምንም ችግር የለም። ሦስት ገጽ የሚሞላ የክርክር ውሳኔ ሲመጣ ግን አይገባም።

መፍትሔው ምን ሆነ መሰላችሁ? ረጅሙን ጽሑፍ ሌላ ቦታ አስቀምጦ፣ መስመሩ ላይ አድራሻውን ብቻ መተው። ጎተራው ከቤት ውጭ ሆኖ ቁልፉ ብቻ ቤት እንደሚንጠለጠል ማለት ነው። ፖስትግሬስኪውኤል ይህንን ዘዴ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው 7.1 ስሪቱ ነው። ከዚያ በፊት በመደበኛው አንድ መስመር ከ8 ኪሎባይት ሊበልጥ አይችልም ነበር።

ችግሩ እያንዳንዱ ኩባንያ ለዚህ ጎተራ የየራሱን ስምና ልክ ሰጠው። ኦራክል መጀመሪያ «ሎንግ» አለው፣ በኋላ «ክሎብ» አመጣ። ማይኤስኪውኤል «ቴክስት» ብሎ በአራት መጠን ከፋፈለው። ኤስኪውኤል ሰርቨር «ቴክስት» እና «ኤንቴክስት» ይል ነበር፤ ዛሬ «ቫርቻር ማክስ» እና «ኤንቫርቻር ማክስ» ይላል። ማይክሮሶፍት አክሰስ «ሜሞ» ሲል ኖሮ እ.ኤ.አ. ከ2013 ስሪቱ ጀምሮ «ሎንግ ቴክስት» አለው። ኤስኪውኤል ራሱ «ክሎብ»ን በደረጃው ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ያኔ ግን ሁሉም በየፊናው ሄዶ ነበር።

ፊደላችን ስንት ባይት ይበላል?

አሁን ወደ ፊደላችን እንምጣ። ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ ቁጥር ነው የሚያውቀው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቁጥሮች አገኘ። «ሀ» 4608 ሆነች። የሚገርመው፣ የአማራ ክልል የመጀመሪያው የመሬት አዋጅ የወጣበት 1992 ዓ.ም. እና ይህ ስሪት የወጣበት ጊዜ አንድ ዓመት እንኳ አይራራቁም። መሬቱም ፊደሉም በአንድ ሰሞን ሕጋዊ መዝገብ አገኙ ማለት ይቻላል።

እነዚህን ቁጥሮች ወደ ባይት ለመለወጥ ዛሬ በብዛት የምንጠቀመው ዩቲኤፍ-8 የሚባለውን ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ ፈጠሩት። ብልሃቱ ይህ ነው፤ እስከ 127 ያሉት ቁጥሮች፣ ማለትም የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ አሃዞችና የተለመደው ክፍት ቦታ፣ 1 ባይት ይወስዳሉ። እስከ 2047 ያሉት፣ ለምሳሌ የግሪክና የዐረብ ፊደላት፣ 2 ባይት ይወስዳሉ። ከ2048 እስከ 65,535 ያሉት 3 ባይት ይወስዳሉ። የእኛዋ «ሀ» 4608 ናትና ሦስት ባይት ትበላለች።

በተሻለ መንገድ እንየው። «ማሳው የወንድሙ አይደለም» 13 ፊደልና 2 ክፍት ቦታ አለው፤ በድምሩ 15 ምልክት። በባይት ስንቆጥረው 13 ሲባዛ በ3፣ ሲደመር 2፣ እኩል ነው 41። አሁን ይህ ጽሑፍ 25 ምልክት በሚይዝ ዓምድ ውስጥ ነበረ እንበል። በምቾት ይገባል። አዲሱ ዳታቤዝ ውስጥም «25» የሚል ዓምድ ተዘጋጀለት፤ እዚህ ግን 25 የተባለው ባይት ነው። 41 ባይት በ25 ውስጥ አይገባም። ፕሮግራሙ «ካልገባ ቁረጠው» ከተባለ የት ላይ ይቆርጠዋል? «ማሳው» 9 ባይት፣ ክፍት ቦታው 1፣ «የወንድሙ» 15። ድምሩ 25፣ ልክ ነው! «አይደለም» ብቻ ወደቀ።

በወረቀት ላይ «25» እና «25» እኩል ናቸው። ይህንን ዓምድ ያዛወረ ባለሙያም «ልኩን አልቀየርኩም» ሊል ይችላል፤ እውነቱን ነው። የቀየረው መለኪያውን ነው።

ቁናው ሲለያይ

ገበያ የምትወጡ ከሆነ ይህ አይገርማችሁም። የቡሬ ቁናና የፍኖተ ሰላም ቁና ቢለያዩ፣ «አራት ቁና ጤፍ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ዳታቤዞችም እንደዚሁ ናቸው። እስቲ ዋና ዋናዎቹን በእኛ ፊደል እንለካቸው።

ኦራክል ውስጥ «ቫርቻር2» የሚባለው ዓምድ በመደበኛው ቢበዛ 4000 ባይት ይይዛል። ሁሉም ፊደል ከሆነ 1333 ፊደል ነው። «4000 ምልክት ይሁንልኝ» ብላችሁ ብታዙት እንኳ ከ4000 ባይት አያልፍም። ከ12ሲ ስሪት ጀምሮ በልዩ ማስተካከያ ወደ 32,767 ባይት ማሳደግ ይቻላል። ከዚያ በላይ ለሆነ «ክሎብ» አለ።

ማይኤስኪውኤል ውስጥ «ቫርቻር» የሚቆጥረው በምልክት ነው፤ «ቴክስት» ግን በባይት። ትንሿ «ታይኒቴክስት» 255 ባይት ናት፤ ልክ 85 ፊደል። «ቴክስት» 65,535 ባይት ነው፤ ልክ 21,845 ፊደል። «ሚዲየምቴክስት» ወደ 16 ሚሊዮን፣ «ሎንግቴክስት» ከ4 ቢሊዮን በላይ ባይት ይይዛሉ።

ኤስኪውኤል ሰርቨር ውስጥ «ኤንቫርቻር» እያንዳንዱን ፊደላችንን በ2 ባይት ያስቀምጣል፤ «ኤንቫርቻር 4000» ማለት 4000 ፊደል ነው። ይህ ሙሉ ዓምድ ወደ ኦራክል «ቫርቻር2 4000» ቢሄድ 4000 ፊደል 12,000 ባይት ይሆናል። ሦስት እጥፍ! እንግሊዝኛ ቢሆን ግን አንድም ፊደል ሳይጎድል ይገባ ነበር። ለዚህ ነው ሌላ አገር ተሞክሮ «ይሠራል» የተባለ የማሸጋገሪያ ዕቅድ እኛ ጋ ሲደርስ የሚሰበረው። የሞከሩት ሰዎች ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም፤ በእነሱ ፊደል ባይትና ምልክት እኩል ስለሆኑ ልዩነቱ አይታያቸውም።

ፖስትግሬስኪውኤል ለእኛ ምቹ ነው። «ቫርቻር» በምልክት ይቆጥራል፤ «ቴክስት» ደግሞ እስከ 1 ጊጋባይት ይሄዳል። ከሌላ ቤት የመጣ ረጅም ጽሑፍ ወደዚህ ሲገባ ብዙውን ጊዜ «ቴክስት» በቂ ነው። ከዚህ ወደ ሌላ ሲወጣ ግን ጥያቄው ይመለሳል፤ ምክንያቱም ገደብ የሌለው ዓምድ ውስጥ ሰው ምን ያህል እንደጻፈ ማንም አልተቆጣጠረም።

ሲሞላ ምን ያደርጋሉ የሚለውም ይለያያል። ኦራክል ያልገባውን ጽሑፍ አልቀበልም ብሎ ስህተት ያሳውቃል። ፖስትግሬስኪውኤልም እንደዚሁ፤ ሆኖም «ወደዚህ ልክ ለውጠው» ብላችሁ በግልጽ ካዘዛችሁት ዝም ብሎ ይቆርጣል። ማይኤስኪውኤል ጥብቅ ሁኔታው ካልበራ ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጥቶ ይቆርጣል፤ ጥብቁ ሁኔታ በመደበኛነት የበራው ከ5.7 ስሪት ጀምሮ ነው። ስህተት የሚያሳውቀው ዳታቤዝ ሲያበሳጭ ይችላል፤ ወዳጃችሁ ግን እሱ ነው።

ቁጥሩ ልክ ሆኖ ቃሉ ሲጠፋ

መቆረጥ ብቻ አይደለም። ሌላም መጥፊያ መንገድ አለ። ኤስኪውኤል ሰርቨር ውስጥ ለላቲን ፊደል በተዘጋጀ ተራ «ቫርቻር» ዓምድ ላይ አማርኛ ብትጽፉ፣ ዓምዱ የማያውቀውን ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። «ማሳው የወንድሙ አይደለም» ምን ይሆናል? «??? ????? ?????»። ሦስት፣ አምስት፣ አምስት።

አሁን አንድ ተቆጣጣሪ መጥቶ «የምልክቱን ብዛት እንቁጠር» ቢል፣ ከዝውውሩ በፊት 15፣ ከዝውውሩ በኋላም 15 ነው። ቁጥሩ ልክ ነው። መስመሮቹም አልጎደሉም። ጽሑፉ ግን የለም፤ የጥያቄ ምልክት ደግሞ ወደ ፊደል አይመለስም።

ከዩኒኮድ በፊት የተጻፉ ሰነዶችም አሉ። ያኔ የአማርኛ ፎንቶች የፊደላችንን ቅርጽ በእንግሊዝኛ ፊደላት ቁጥሮች ላይ ያስቀምጡ ነበር። አንድ ፎንት ሁሉንም ፊደላችንን መያዝ ስለማይችል፣ አንዳንዶቹ አንዱን ፊደል ከሁለት ምልክት ያጣምሩታል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ፎንቱ ሳይኖር ሲከፈት የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ነው የሚታየው። ዳታቤዙ ግን ምንም ችግር አይታየው፤ እንግሊዝኛ መስሎት ያዛውረዋል። ይህንን የሚያቃናው የየፎንቱን ሰንጠረዥ የያዘ መለወጫ ብቻ ነው፤ ለዚህም የትኛው ፎንት እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል።

ባዶነትም ቋንቋ አለው። «ማስታወሻ የለም» ተብሎ በባዶ የተተወ ቦታና ጨርሶ ያልተጠየቀ ቦታ አንድ አይደሉም። አብዛኞቹ ዳታቤዞች ሁለቱን ይለያሉ፤ አንዱ ባዶ ጽሑፍ ነው፣ ሌላው «ነል» ይባላል። ኦራክል ግን ባዶ ጽሑፍን እንደ «ነል» ይቆጥራል። «ክርክር አለ?» ተብሎ ተጠይቆ በባዶ የተተወው ማሳ፣ ማንም ካልጠየቀው ማሳ ጋር ይቀላቀላል።

ታዲያ እንዴት ይሻገራል?

ጥሩ ዜናው፣ ይህ ሁሉ ሊታወቅና ሊከለከል የሚችል ነው። ዋናው ነገር ከመጫን በፊት መለካት ነው።

በመጀመሪያ፣ በእያንዳንዱ የጽሑፍ ዓምድ ውስጥ ያለው ረጅሙ ጽሑፍ ስንት ባይት እንደሆነ ይጠየቃል። ዓምዱ ስንት «ይይዛል» ሳይሆን አሁን ስንት «ይዟል» ነው ጥያቄው። ፖስትግሬስኪውኤልና ማይኤስኪውኤል ለዚህ «ኦክቴት ሌንግዝ» የሚባል ትእዛዝ አላቸው። ኤስኪውኤል ሰርቨር «ዳታሌንግዝ» አለው፤ የ«ኤንቫርቻር» መልሱ ግን በ2 ባይት ስሌት ስለሆነ፣ የአማርኛውን የዩቲኤፍ-8 ልክ ለመገመት ለ2 አካፍሎ በ3 ማባዛት ነው።

ቀጥሎ፣ ለእያንዳንዱ ዓምድ አዲስ ቤት ይመረጣል። አጭር ስም ወደ አጭር ዓምድ፣ ማስታወሻና ውሳኔ ወደ ጎተራው። ሁሉንም ነገር ጎተራ ውስጥ መወርወርም አይመከርም፤ በአንዳንድ ዳታቤዞች እንዲህ ያለ ዓምድ እንደ አጭሩ ዓምድ በቀላሉ አይፈለግም፣ አይደረደርም።

ከዚያ ዳታቤዙ እንዳይቆርጥ ይታዘዛል። አልገባም ካለ ይቁም፤ ሰው መጥቶ ይየው።

ካለፈ በኋላ ደግሞ ማመሳከር ይመጣል። የመስመር ብዛት፣ ከዚያም የእያንዳንዱ ጽሑፍ «ሃሽ» ይወዳደራል። ሃሽ ማለት ከጽሑፉ የሚሰላ አሻራ ነው፤ አንዲት ፊደል ብትቀየር አሻራው ይለወጣል። ሁለቱም ወገን በዩቲኤፍ-8 መሰላት አለበት፤ አለዚያ ትክክለኛው ጽሑፍም የተለያየ አሻራ ይሰጣል። የጥያቄ ምልክቶቹ እዚህ ይያዛሉ።

በመጨረሻ፣ ረጃጅሞቹን ጽሑፎች አውጥቶ ጫፋቸውን በዓይን ማንበብ። በግስ ያልቃሉ? አራት ነጥብ አላቸው? ይህን ሥራ ኮምፒዩተርም ሊያግዝ ይችላል። በአሮጌው መዝገብ አራት ነጥብ ኖሮት በአዲሱ የሌለው መስመር ወዲያው ይታያል። አሮጌው ዳታቤዝና የወረቀት ደብተሩ ደግሞ አይጣሉም።

እናንተም ሞክሩት

ይህንን ለማረጋገጥ ዳታቤዝ አያስፈልጋችሁም። በኮምፒዩተራችሁ ባለው ተራ የጽሑፍ ማስታወሻ ላይ አሥር የእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋችሁ በዩቲኤፍ-8 አስቀምጡ። የፋይሉን መጠን እዩ፤ 10 ባይት። በሌላ ፋይል አሥር የአማርኛ ፊደል ጻፉ፤ 30 ባይት። ሦስት ባይት ጨምሮ 13 እና 33 ካሳያችሁ አትደንግጡ። አንዳንድ ፕሮግራሞች ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የሚያስቀምጡት ምልክት ነው።

ቀጥላችሁ ስለ ቤታችሁ ወይም ስለ ሰፈራችሁ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ጻፉ። የመጀመሪያዎቹን 85 ፊደላት ብቻ አስቀርታችሁ ለጓደኛችሁ አንብቡለት። ምን እንደገባው ጠይቁት። ከዚያ ሙሉውን አንብቡለት።

የ1960ዎቹ የደጋ ዳሞት ገበሬ ለካኙን አላመነም፤ የሚጻፈውን ማየት አይችልም ነበርና። ዛሬ ብዙው ገበሬ ልጁን አስተምሯል። ደብተሩ ቤት አለ፤ የሚያነብም አለ። ስለዚህ መረጃ ወደ አዲስ ሥርዓት ሲዛወር ከሁሉ የሚበልጠው ማመሳከሪያ ቀላል ነው፤ አዲሱን መዝገብ አትሞ፣ ከአረንጓዴው ደብተር ጎን አስቀምጦ፣ ለባለይዞታው እስከ አራት ነጥቡ ድረስ ማንበብ። ባልም ሚስትም ቁጭ ብለው ይስሙ። አንባቢው እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ስታነቡ የመጨረሻዋን ቃል አትዝለሉ።